የመሐል ሜዳን ቆዳ እንደ ጓሳ ለመዝጋት የተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

የማኅበሩ ስም፦ የመሐል ሜዳ የኪነ ጥበብ አፍቃሪዎች ማኅበር
ቀን፦ ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን 2006 ዓ.ም.
ቦታ፦ የወይዘሪት ጽዮን ንቅሳት ቤት። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በሁለተኛው ሩብ ዓመት እቅድ ውስጥ ተይዞ ሩብ ዓመቱ ስላለፈ፣ ማኅበሩ እስካሁን የሚሰበሰበው በዚሁ ክፍል ነው። ኪራይ አልከፈለም። ከሰሉም የባለቤቷ ነው።

የተገኙ፦

1. አቶ ኃይለ ኢየሱስ፣ ሰብሳቢ። የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆኑ በማኅበሩ ውስጥ የያዙት የጥበብ ዘርፍ ሰብሳቢነት ነው።
2. መምህር ምንይሉ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ሠዓሊ። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆኑ የሣሉት ሁሉ መጨረሻው ካርታ ይመስላል።
3. አቶ ዳኜ፣ ገጣሚ።
4. ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ የእደ ጥበብ ዘርፍ ተወካይ። የበግ ጠጉር ፈትለው ባና የተባለውን የደጋ ብርድ ልብስ ያሠራሉ። በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ ናቸው።
5. ወይዘሪት ጽዮን፣ ነቃሽ። ጉዳዩ ራሳቸውን ስለሚመለከት ድምፅ እንዳይሰጡ ተከልክለው፣ ቤቱ የራሳቸው ስለሆነ ግን እንዲገኙ ተፈቅዶላቸዋል።
6. አዳነ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ጻፊ፣ ጸሐፊ። ለጸሐፊነት የተመረጠው በቀረበት ስብሰባ፣ በሙሉ ድምፅ ነው።

ያልተገኙ፦ አቶ አፈወርቅ፣ ክራር ተጫዋች። ከጥምቀት በፊት የክራር ጅማት ሊገዙ ደብረ ብርሃን እንደወረዱ ናቸው።

ምልዓተ ጉባኤው ስለተሟላ ስብሰባው ተጀመረ። ተሰብሳቢዎቹ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እዚያው ክፍል ውስጥ እሳት እየሞቁ የነበሩ ቢሆንም፣ በ8 ሰዓት የተጠራው ስብሰባ የተጀመረው በ9 ሰዓት ነው።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ያለፈው ቃለ ጉባኤ በንባብ ተሰማ። ሰብሳቢው በገጽ ሁለት ላይ «ሰብሳቢው ጮኹ» የሚለው አገላለጽ የአመራርን ገጽታ የሚጎዳ በመሆኑ «ሰብሳቢው አጽንዖት ሰጡ» ተብሎ እንዲታረም ጠየቁ። ጸሐፊው፣ ጎረቤቶች እስኪወጡ ድረስ እንደጮኹ አስታወሰ። ሰብሳቢው አልጮኹም ሲሉ አጽንዖት ሰጡ። ታርሞ ጸደቀ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ንቅሳት ቤቱ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ በወሩ መጨረሻ ከበላይ አካል የሚመጡ እንግዶች የማኅበሩን ምርጥ ተሞክሮ ይጎበኛሉ። ምርጥ ተሞክሮው ምን እንደሆነ ገና እየተፈለገ ነው፤ ንቅሳት አለመሆኑ ግን ከወዲሁ መታወቅ አለበት። ንቅሳት መጤ ባህል ነው። በጥምቀት ዕለት ወጣቶች ንቅሳታቸው እንዲታይላቸው በጥር ብርድ ክንዳቸውን ገልጠው ታቦት አጅበዋል። ይህ ለባህላችንም ለሳንባችንም አደጋ ነው ብለዋል።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ፈተው፣ ከአገጫቸው ሥር እስከ ደረታቸው የተደረደረውን ንቅሳት ለጉባኤው አሳዩ። «ይሄ ተወቅሬ የተዳርኩበት ነው። እናትህም ነበራት፤ አብረን ነው የተነቀስን። ከየት አገር መጣ በለኝ እስቲ ኃይለ ኢየሱስ?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ጉዳዩን አጥንተው በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚመልሱ ገለጹ።

መምህር ምንይሉ፣ መዝጋት የመጨረሻ አማራጭ መሆን እንዳለበት፣ መጀመሪያ ግን ንቅሳቱን ልማታዊ ማድረግ እንደሚቻል አብራሩ። አንበሳ፣ ጽጌረዳና የሴት ስም ኪራይ ሰብሳቢነትን የሚያበረታቱ በመሆናቸው ቀርተው፣ እርከን፣ የገብስ ዘለላና የተሻሻለ በግ ብቻ እንዲነቀሱ ሐሳብ አቀረቡ። ወይዘሪት ጽዮን፣ እስካሁን ደረቱ ላይ እርከን ይሠራልኝ ያለ ደንበኛ ገጥሟቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። መምህሩ ፍላጎት በግንዛቤ ማስጨበጫ እንደሚፈጠር መለሱ።

በበጉ ላይ ሰፊ ውይይት ተደረገ። መምህር ምንይሉ የተሻሻለ ከተባለ ጅራቱ አዋሲ የተባለው የውጭ በግ ዲቃላ ጅራት መሆን እንዳለበት ተከራከሩ። አቶ ዳኜ፣ በመንዝ ምድር በመንዝ ሰው ክንድ ላይ የመንዝ በግ ጅራት ካልተነቀሰ ግጥም መጻፍ እንደሚያቆሙ አስታወቁ። ጉባኤው ማስታወቂያውን በተስፋ ተቀበለ። ሆኖም ሰብሳቢው ሁለቱን ወገኖች ለማቀራረብ ጣልቃ ገቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ በጉ ከፊት ለፊት እንዲሣል ተወሰነ።

አቶ ዳኜ በበጉ ስላልረኩ ሌላ ሐሳብ በግጥም አቀረቡ። ግጥሙ ረጅም በመሆኑ እዚህ የሰፈረው ፍሬ ነገሩ ብቻ ነው። የጓሳ የሣር ምድር እስከ ዛሬ የቆየው አባቶቻችን ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ማንም በግ እንዳያስገባ፣ ማንም ማጭድ እንዳያነሳ አድርገው በደንብ ስለጠበቁት ነው። የከተማችን ቆዳ ግን ጠባቂ አጥቶ ያገኘው ሁሉ ይግጠዋል። ስለዚህ የመሐል ሜዳ ነዋሪ ቆዳ እንደ ጓሳ የጋራ ሀብት ተብሎ፣ እስኪያገግም ለሦስት ዓመት ይዘጋ።

ሰብሳቢው ከወንበራቸው ተነሡ። ሲፈለግ የነበረው ምርጥ ተሞክሮ ይኸው ነው፣ የአባቶችን ሥርዓት ወደ ቆዳ ዘርፍ ያሰፋ ማኅበር በአገሪቱ የለም ሲሉ በደስታ አጽንዖት ሰጡ።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ ጓሳ የሚዘጋው ሲከፈት ሣር እንዲኖር እንደሆነ ገልጸው፣ የእነዚህ ሰዎች ቆዳ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲከፈት ምን እንደሚበቅልበት ጠየቁ። ጥያቄው ቴክኒካዊ በመሆኑ ታለፈ።

ከዚህ በፊት የተነቀሱ ሰዎች ምን ይሁኑ የሚለው ላይም ውይይት ተደርጎ፣ ንቅሳታቸው ነባር ይዞታ ተብሎ እንዲመዘገብ ስምምነት ላይ ተደረሰ። በነባር ይዞታ ላይ ግን ምንም ዓይነት ተጨማሪ ግንባታ ማካሄድ እንደማይቻል፣ አንዲት ነጥብም ብትሆን፣ በመምህር ምንይሉ ማሻሻያ ተጨመረበት። ሰብሳቢው በዚህ ማሻሻያ ላይ ትንሽ አመንትተው ተስማሙ። ለምን እንዳመነቱ በወቅቱ ግልጽ አልነበረም።

ከድምፅ በፊት ወይዘሪት ጽዮን እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው። የተናገሩት እንዳለ ሰፍሯል፦

«ጋሼ ኃይለ ኢየሱስ፣ እኔ አዲስ አበባ የሰው ቤት የሰው ወንበር ላይ ስነቅስ ኖሬ፣ እናቴ ስትታመም ነው ማሽኔን ይዤ የመጣሁት። ይሄ ቤት ከተዘጋ የምበላው የለኝም። ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ነኝ፤ እናቴን ለማን ጥያት እንደምሄድ እናንተው ንገሩኝ። ሦስት ዓመት እኮ እሷ አትቆየኝም። ደግሞስ ማታ ማታ የት ልትሰበሰቡ ነው? መምህር የሚሥሉት እዚህ፣ ጋሽ ዳኜ የሚያነቡት እዚህ። እኔ ውጡ ብያችሁ አውቃለሁ?»

መምህር ምንይሉ እርሳሳቸውን ቀረጹ። ጸሐፊው አፈረ፤ ማፈሩ በአጀንዳ ስላልተያዘ ውይይት አልተደረገበትም።

ድምፅ ተሰጠ። ይዘጋ፦ ሰብሳቢው፣ መምህር ምንይሉ፣ አቶ ዳኜ። አይዘጋ፦ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ እና ጸሐፊው። ሰብሳቢው፣ የጸሐፊ እጅ የተመደበው ለመጻፍ እንጂ ለመቃወም አይደለም በማለት የጸሐፊውን ድምፅ ውድቅ አደረጉ። ጸሐፊው እጁን ሳያወርድ በሌላው እጁ ይህን መዝግቧል፤ የዚህ አንቀጽ ጽሑፍ የተንጋደደው ስለዚህ ነው።

ማኅበሩ ቁርጠኝነቱን እንዲያሳይ ውሳኔው ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ እንዲጸና መምህር ምንይሉ ጠየቁ። በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሪት ጽዮን ተነሥተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና ጉባኤው እንዲወጣ ጠየቁ። ሰብሳቢው ገና ልዩ ልዩ የሚል አጀንዳ እንደቀረ አስታወሱ። ወይዘሪት ጽዮን፣ ጓሳ ሲዘጋ ግጦሽ አልጨረስኩም ያለ በግ ውስጥ ይቀራል ወይ ሲሉ ጠየቁ። አቶ ዳኜ አይቀርም ብለው መለሱ፤ ከመለሱ በኋላ ግን ተጸጸቱ። ጉባኤው ወጣ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ብቻ፣ እኔ እንግዳ እንጂ በግ አይደለሁም በማለት ከእሳቱ አጠገብ ሳይነሡ ቀሩ። በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ (በውጭ)

ስብሰባው የሚቀጥልበት ቦታ ተፈለገ። የቀበሌው አዳራሽ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፍ ያዡ ሥልጠና ላይ ናቸው። ጠላ ቤቱ ሞልቶ ነበር። በመሆኑም ጉባኤው በንቅሳት ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ በነበረችበት በኩል፣ ቆሞ እንዲቀጥል ተወሰነ። ወዲያው ፀሐይዋ ሄደች፤ ከጓሳ በኩል ነፋሱ ተነሣ። የመንዝን የጥር ነፋስ የማያውቅ አንባቢ ካለ እግዚአብሔር ወዶታል።

ሰብሳቢው ካፖርታቸውን ውስጥ ረስተው በሸሚዝ ብቻ ነበሩ። እንዲሞቃቸው ክንዳቸውን ሲያሻሹ የግራ እጅጌያቸው ወደ ላይ ተሰበሰበ። በክንዳቸው ላይ የፈረስ ራስ፣ አንገት፣ ጋማና ሁለት የፊት እግሮች ታዩ። ቀሪው ፈረስ አልነበረም። መምህር ምንይሉ ይህ ምንድን ነው ሲሉ ጠየቁ።

ሰብሳቢው «ነባር ይዞታ ነው» አሉ።

አቶ ዳኜ የፈረሱ የኋላ እግሮች የት እንዳሉ ለማወቅ ፈለጉ። ሰብሳቢው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ማንኛውም አጽንዖት በሌለው ሁኔታ፣ ሐሙስ ዕለት መሐል ላይ መብራት እንደጠፋ አስረዱ። በወጣትነታቸው የነበራቸውን ፈረስ አምሳል ከሞታቸው በፊት ማየት ፈልገው እንደነበርም አከሉ። መምህር ምንይሉ፣ በነባር ይዞታ ላይ ተጨማሪ ግንባታ ስለማይቻል ፈረሱ ለሦስት ዓመት በሁለት እግሩ እንደሚቆም አስገነዘቡ። የተናገሩት በሐዘኔታ ነው ለማለት ጸሐፊው ይቸገራል።

አቶ ዳኜ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የእርሳቸውም ጀርባ ላይ የራሳቸው ባለ አራት መስመር ግጥም መጀመሩን፣ ሁለቱ መስመር ብቻ እንደተጻፈ፣ ቤት ሳይመታ ሊቀር መሆኑንም ተናዘዙ። የማይታይ ቦታ ላይ ስለሆነ መጥቀሱ አስፈላጊ እንዳልመሰላቸውም ገለጹ። ወይዘሪት ጽዮን ሁለቱንም ሚስጥር እያወቁ፣ ቤታቸው ሲዘጋባቸው አንዲት ቃል እንዳልተነፈሱ ጸሐፊው ለታሪክ ያስመዘግባል። ጸሐፊው በእርሳቸው ቦታ ቢሆን ኖሮ እየዞረ ይናገር ነበር።

ነፋሱ እየበረታ ሲሄድ ውይይቱ አጠረ። በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወሰነ፦

በዚህ ስብሰባ የተወሰኑት ሁሉ፣ ልማታዊ ንቅሳትን፣ የቆዳውን መዘጋት፣ ነባር ይዞታንና ከፊት ለፊት የሚታየውን በግ ጨምሮ፣ ተሽረዋል። ሽረቱ ከመወሰናቸው በፊት ጀምሮ ይጸናል። በመሆኑም ቤቱ አልተዘጋም፤ ጉባኤው አልወጣም፤ አሁንም ውስጥ እሳት እየሞቀ ነው።

ይህ እንደተወሰነ ሰብሳቢው በሩን አንኳኩተው ውሳኔው መሻሩን በቀዳዳው በኩል ለወይዘሪት ጽዮን አሳወቁ።

ከውስጥ ወይዘሪት ጽዮን «የራሳችሁን ውሳኔ ሻራችሁ። እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ምን ተብለው እንደሚጠየቁ በውጭ ውይይት ተደረገ። መምህር ምንይሉ መጠይቅ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረቡ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከውስጥ ሆነው «ይቅርታ በሏት እንጂ፣ ምን ይሄን ያህል ያማክራችኋል! አፈርኩባችሁ!» ሲሉ ተሰሙ። መምህሩ፣ ይቅርታ የሚል ቃል በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ እንደሌለ አስታወሱ። ጸሐፊው ደንቡን በራሱ እጅ ስለጻፈው ያውቃል፤ በእርግጥም የለም።

ሰብሳቢው ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ፣ ወደ በሩ ጠጋ ብለው «ወይዘሪት ጽዮን፣ በማኅበሩ ስም ይቅርታ እንደተጠየቀ ይቆጠር» አሉ።

ከዚያ ወይዘሪት ጽዮን ረጋ ብለው መለሱ፦

«እሺ ጋሼ። ሰኞ ልሂድ አልሂድ ከእናቴ ጋር እመክራለሁ፤ እሱ የእናንተ አጀንዳ አይደለም። በሩን ደግሞ እርስዎም እንደተከፈተ ይቁጠሩት።»

ሌላ አጀንዳ ስላልነበረ፣ ስብሰባው እንደተከፈተ በተቆጠረው በር ፊት ለፊት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተጠናቀቀ።