የመርማሪው ግራ ትከሻ

የወንጀል ልብ ወለድ የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ጠላት አለው፤ እሱም ገዳዩ ሳይሆን መጽሐፉን ቀድሞ የጨረሰው ጎረቤቱ ነው። ለእኔ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙልኝ ከልብስ ስፌት ቤቴ አጠገብ የሚሠሩት ክቡር ሰዓት ሠሪያችን ናቸው።

እሳቸው ያንኑ አንድ መርማሪ ይዞ ለዓመታት በተከታታይ የሚወጣውን መጽሐፍ አጥብቀው ይንቁታል። አዲስ ክፍል በወጣ ቀን ግን ሱቃቸው ዝግ ነው። በማግስቱ ዓይናቸው ቀልቶ ይመጡና ገና ሰላም ሳንባባል፣ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው፤ ብዬ አልነበር!» ይሉኛል። እኔ ገና ሬሳው ዘንድ አልደረስኩም።

«ምነው ጋሼ፣ አሁን ይኼ ምን ይባላል?»

«ድካም ቀነስኩልህ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚመጣ ሁሉ ገዳይ ነው። ይኼ ደራሲ ሞኝ አድርጎናል!»

ነቀፌታቸው ማለቂያ የለውም። መርማሪው እህል አይቀምስም፤ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲደበድበው ያድራል፣ ጉንፋን አይነካውም። ከሁሉም የሚያንገበግባቸው ግን ሟቹ ሲወድቅ አብሮት የሚቆመው ሰዓት ነው። «ሰዓት እንዲህ በቀላሉ አይቆምም!» ይሉና በእጃቸው የያዙትን የደንበኛ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደርጉታል። አንድ ቀን አንዱ በእርግጥም ቆመ። ጥፋተኛው ደራሲው ሆነ።

ደግሞ ያ ትከሻ አለ። መርማሪው በየክፍሉ የሚመታው ግራ ትከሻውን ነው። «ቀኝ የለውም? አንዱ ሳይሽር ሌላ! ሐኪም ቤት የሚወስደው ዘመድ እንኳ የለውም?» እያሉ ይብከነከናሉ። ወዲያው ግን ኮስተር ብለው፣ «ምነው በሞተና በገላገለን!» ይላሉ።

ባለፈው ሰሞን የመጨረሻው ክፍል ወጣ። መጽሐፍ ሻጩን ለምኜ ቀድሜ ወሰድኩና ሥራዬን ጥዬ ጨረስኩት። መርማሪው መጨረሻ ላይ ይሞታል። የዓመታት ቂሜን ይዤ፣ ዛሬስ ብድሬን እመልሳለሁ ብዬ ወደ ጎረቤቴ ገሰገስኩ።

ሱቁ ክፍት ነበር። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ የመጨረሻው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ አሮጌ የሰዓት ማሰሪያ ገብቶበታል።

«አልጨረሱትም እንዴ?»

«ዓይኔን ደከመኝ» አሉ፣ ከጉንዳን ራስ የምታንስ ብሎን በወረንጦ እያነሱ።

«እንግዲያው ልንገርዎት፣ መርማሪው...»

«ተው!» አሉና እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «እባክህ እንዳትነግረኝ።»

እኚህ ሰው ለምነውኝ አያውቁም። ወደ ብሎኗ ተመልሰው፣ ቀና ሳይሉ፣ «ብቻ... ትከሻው ተሻለው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ቂሜ የት እንደገባ እንጃ። አንጀቴን በሉት።

«ድኗል፣ ጋሼ። ኮቱን እንኳ በገዛ እጁ ነው የለበሰው።»

«ብዬ አልነበር!» አሉ።