ልብ የገባ ጉንፋን

በእኛ አገር ጉንፋን በሽታ አይባልም። ሰውየው አፍንጫው እንደ ምንጭ እየፈሰሰ፣ ዓይኑ በርበሬ መስሎ፣ «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» ሲሉት፣ «ኧረ ደህና ነኝ፣ ጉንፋን ነው» ብሎ ይመልሳል። እርስዎም እንዲህ ሳይሉ አልቀሩም። ዳማከሴ ይጨመቃል፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ይዋጣል፣ ከዚያ ወደ ሥራ። የናቁት ያስረግዛል የሚለውን ተረት ለጉንፋን ማን አስቦት!

እህቴ ወይንሸት ደግሞ ከሁላችንም ትብስ ነበር። የካ ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ናት፤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ እንጦጦ ድረስ ሮጣ፣ ተመልሳ ወርዳ ቁርሷን የምትበላ ሴት። በደርግ ጊዜ፣ በአንዱ ክረምት፣ ጉንፋን ቤታችንን ሲያዳርስ እሷንም ያዛት። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ድካሙ ግን አለቀቃትም። ከአልጋዋ ተነሥታ እስከ በሩ ስትሄድ ግድግዳ መያዝ ጀመረች። እማዬ «ልጄ፣ ትንፋሽሽ አላማረኝም» ስትላት፣ «ተኝቼ ሰንፌ ነው» አለቻት።

እሁድ ሆነ። የደርግ ዘመን እሁድ የእርስዎ እንዳይመስልዎ፤ የቀበሌው ነበር። እንጦጦ ላይ ችግኝ ተከላ አለ፣ መቅረት የለም። የቀረ ሰው ስሙ በስብሰባ ላይ ይነሣል፤ ስሙ የተነሣ ሰው ደግሞ... ባልጨርሰው ይሻላል። ያኔም አንጨርሰውም ነበር።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ለመነቻት። ወይንሸት «ጉንፋን ይዞኝ ቀረሁ ብዬ ልናገር?» አለችና አካፋዋን አንሥታ ወጣች። እኔም ታናሿ ተከተልኳት።

በባሕር ዛፉ መሐል ዳገቱን እንደጀመርን ከኋላዬ ቀረች። እሷ፣ ከእኔ ኋላ! ዞር ስል ግንድ ተደግፋ ቆማለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ምን ሆንሽ?»

«ልቤ... ይርገበገባል። አየር አጠረኝ።»

የተከላው ኃላፊ ጓድ መርዕድ ከላይ ወርዶ መጣ። ድምፁ ሲሰማ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ መቆፈር የሚጀምርለት ሰው ነው።

«ጓድ ወይንሸት፣ የስፖርት አስተማሪ ዳገት አቃታት ይባል? ይሄ ድካም ነው ወይስ አሻጥር?»

አሻጥር! በዚያ ዘመን ይህች ቃል ከስንቱ በሽታ በላይ ትገድል ነበር። አካፋዎቹ ሁሉ ቆሙ። «አሟት ነው፣ ጓድ» ለማለት አፌን ስከፍት ወይንሸት ጭቃው ላይ ተዘረጋች።

ጓድ መርዕድ ተንበርክኮ እጇን ያዘ። ፊቱ ተለወጠ። «በረዶ ሆናለች» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፤ የወገቡን ሽጉጥ ፈትቶ ለሌላ ሰው አስያዘና በጀርባው አዘላት። ቁልቁለቱ ያዳልጣል። እሱ እየተንሸራተተ፣ እኔ ከኋላ ደግፌ «ወይንሸት፣ አለሽ?» እያልኩ ወረድን። አንዳንዴ ትመልሳለች። አንዳንዴ አትመልስም።

አስፋልቱ ላይ ባገኘነው ታክሲ ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ ብዙ ቆይቶ ወጣ።

«የልቧ ጡንቻ ተጎድቷል። በቅርቡ ምን አሟት ነበር?»

«ምንም» አልኩት። «ጉንፋን ብቻ።»

«ብቻ አትበል። የጉንፋን ቫይረስ አንዳንዴ፣ ሁልጊዜ አይደለም፣ ልብ ድረስ ይዘልቃል። የእሷም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም፤ የማረጋግጥበት መሣሪያ ግን የለኝም። ዕረፍት ያስፈልጋታል። ዳገት፣ ሩጫ፣ አካፋ የሚባል ነገር የለም።»

ጓድ መርዕድ ጭቃ የለበሰ ሱሪውን እያየ፣ «እኔ እኮ ልብ የሚታመመው በሐሳብ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለ።

ሐሳቡ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ወይንሸት ለወራት ተኛች። እግሯ ያበጠበት፣ ትራስ ካልደራረበች መተንፈስ ያቃታት ጊዜ ነበር። እማዬ አጠገቧ ተቀምጣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ትጠብቃለች፤ ዘግየት ሲል የራሷም ትንፋሽ ይቆማል። ግን ቀስ በቀስ፣ እግዜር ይመስገን፣ ቀለሟ ተመለሰ።

ገና ከአልጋ ሳትወርድ፣ ጓድ መርዕድ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ከእንግዲህ ጉንፋን የያዘው ሰው ለተከላ እንዳይወጣ» ብሎ አወጀ። ጭብጨባው ቀለጠ።

በቀጣዩ እሁድ ጠዋት የተከላው ጡሩምባ ሲነፋ ሰፈራችን ከዳር እስከ ዳር በሳል ተናጋ። አጥር ለአጥር የሚሳሳል ሕዝብ ያን ቀን አየሁ። ወይንሸት ያንን ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው፤ እማዬ ግን ደንግጣ «ቀስ! ልብሽን!» ብላ ጮኸችባት።

ጓድ መርዕድ በዚያ እሁድ እንጦጦን ብቻውን ወጣ ይባላል። እኔ አላየሁም። ጉንፋን ይዞኝ ነበር።