ፈጥኖ ጠሪው ሰፈራችን

የልጅ ልጄን ከስታትስቲክስ ማን ያስጥልልኝ? በዚህ ጥያቄ ላይ በቤታችን ሰፊ ውይይት ተካሂዷል። ተወያይዋ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ መልስ ባይገኝም የአቋም መግለጫው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ልጅቷ የምትማረው የአምቡላንስ ሕክምና ነው። የወደቀ ማንሳት፣ ትንፋሽ መመለስ፣ ይሄ ይገባኛል። አሁን ደግሞ የጥናት ዘዴና ስታትስቲክስ የሚባል መጣባት። «ሰው ደረቱን ሲያመው አምቡላንስ ለመጥራት ለምን ይዘገያል?» ብላ የሰፈሩን ሰው በየቤቱ ልትጠይቅ ነው። ይህን ካላለፈች አምቡላንስ ላይ አትወጣም። እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች፤ እኔም ሳልመዘገብ አብሬ አጣሁ።

ስለዚህ ለሳይንስ የበኩሌን አስተዋጽኦ ለማበርከት ቆርጬ ተነሣሁ። እሷ ክፍል ስትገባ፣ ለጥናቷ ዕጣ የወጣባቸውን ቤቶች ቀድሜያት ዞርኩ።

«ስትጠይቅሽ፣ ወዲያው እደውላለሁ በያት» አልኳት ልብስ ሰፊዋን።

«እኔ እንኳ መጀመሪያ ጋደም ነው የምለው።»

«ጋደም ማለትሽን ለራስሽ ያዢው! የሰፈሩን ስም እንዳታጠፊ።»

ጡረተኛው ሾፌር ከእኔም ባሰ። «ሕመሙ ሳይጀምር ነው የምደውለው ልበላት እንዴ?»

«ከተቻለ» አልኩት።

ውጤቱ ታሪካዊ ነበር። ከሰፈራችን አንድም የሚዘገይ ሰው አልተገኘም። መምህሯ ግን ደስታችንን ሊጋሩ አልፈለጉም። «የሚዘገይ ከሌለ ምኑን አጠናሽ? እንደገና ሥሪው፤ አለዚያ ከአምቡላንስ ቡድኑ ጋር አትወጪም» ብለው መለሷት።

ቦርሳዋን ሳታወርድ ፊቴ ቆመች።

«እማማ፣ ሁሉም በአንድ ቃል ነው የመለሱልኝ። ሾፌሩማ ‹ሳያመኝ ነው የምደውለው› አሉ! ማን ነው ያስጠናቸው?»

«ታዲያ ለማን ብዬ ነው? ላንቺ ስል የማልሆነው የለ! ባለፈው እንኳ ደረቴን እንደ ድንጋይ ሲጫነኝ፣ ፈተና ላይ ናት ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተኛሁ። ዛሬም ጠዋት…»

ምላሴን ያዝኩ። አፌ ግን ቀድሞኝ ነበር።

«ዛሬም ጠዋት ምን?»

«ትንሽ ነው። ደረጃ ስወጣ።»

አልጮኸችም። እጄን ይዛ፣ ሰዓቷን እያየች የደም ሥሬን ምት ቆጠረች፤ ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«ለእኔ ነው እንዴ አምቡላንስ? ኧረ ጎረቤት ምን ይለኛል! ነገ በእግሬ እሄዳለሁ። አሁን እኮ ቀለል ብሎኛል። ደሞ ቤቱም አልተጠረገ…»

«ቀጥይ፣ እማማ» አለች፤ እንባዋ ይወርዳል። «ሰፈሩን ሙሉ ዞሬ ያጣሁት መልስ እኮ ይሄ ነው።»

ሁለት የአምቡላንስ ወጣቶች በወንበር ተሸክመው፣ ጎረቤቱ ሁሉ በየመስኮቱ እያየ፣ በበሩ ሲያወጡኝ፣ ለሰፈሩ ሙሉ ቃል ያደልኩት ሴትዮ ትንፍሽ አላልኩም።