ጥፋተኛው አንጀት

ክብርና ሞገስ ለሕክምና ይሁንና፣ ይህ ታሪክ የተፈጸመበት ሆስፒታል ከወልድያ ወጣ ብሎ ያለ ቢሆንም በየትኛውም ካርታ ላይ አይገኝም። ትሕትናው ነው። በሩ ላይ ግን በትልቁ «ታካሚ ንጉሥ ነው!» ተብሎ ተጽፏል። በዚህ አገር የነገሥታት መጨረሻ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ቀስ ብሎ ወደመጣበት ይመለሳል። የግራናው ገበሬ አብዱልመሊክ ግን ፊደል ስለማይቆጥር ዘው ብሎ ገባ።

አብዱልመሊክ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ ሰምቶ በመጨረሻ አንድ ቃል ጣል ያደርጋል፤ ያቺ አንድ ቃል ግን ገበያውን ሳምንት ታስቃለች። ያን ቀን ግን ቀኝ ጎኑን ይዞ እንደ ማጭድ ጎብጦ ነበር። ትርፍ አንጀት ነው ተባለና ወደ ዶክተር ወንዳወቅ ተመራ።

ዶክተር ወንዳወቅን ያላየ ሰው ስለ ፍጥነት ባያወራ ይሻለዋል። ሌላው ሐኪም እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ፣ እሳቸው ሆድ ከፍተው፣ ዘግተው፣ ካፍቴሪያ ወርደው ማኪያቶ አዘዋል። ከዚያ በፊት ግን ለታካሚው ቤተሰብ ንግግር ሳያደርጉ አይሄዱም። ያን ቀንም የአብዱልመሊክን ሚስት ሳሚራን ኮሪደር ላይ አቁመው፣ «ቀዶ ሕክምናው በታቀደለት ጊዜ፣ ባለድርሻ አካላትን ባሳተፈ መልኩ፣ በከፍተኛ ስኬት ተጠናቋል» አሏት።

«አልሃምዱሊላህ» አለች ሳሚራ። ባለድርሻ አካላት የትኞቹ የባሏ አካላት እንደሆኑ መጠየቅ ግን አፈረች።

ስኬቱ ከማግስቱ ጀምሮ ያብጥ ጀመር።

«ዶክተር፣ ሆዴ ተነፋብኝ» አለ አብዱልመሊክ።

«ጋዝ ነው። ተነሥተህ ተንቀሳቀስ።»

ግድግዳ ይዞ ተንቀሳቀሰ። ትኩሳቱ ናረ፣ ከንፈሩ ደረቀ፤ ውሎ አድሮ በስፌቱ በኩል አንድ ነገር ይወጣ ጀመር።

«ዶክተር፣ ኧረ ይሄን ነገር ይዩልኝ።»

«የቁስል ፈሳሽ ነው። የሚጠበቅ ነው።»

«ወላሂ ዶክተር፣ እኔ ይሄን ነገር ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በሩን ስቶ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።»

ዶክተሩ በታካሚው የሥነ ምግባር ጉድለት አዝነው ወጡ። ሳሚራ አምቡላንስ ብትለምን «ስብሰባ ሄዷል» አሏት። ሰው እንጂ መኪና ስብሰባ ሲሄድ ሰምታ አታውቅም ነበር። በመጨረሻ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደሴ የሚሄድ አይሱዙ መንገድ ላይ ቆማ አስቁማ፣ ባሏን ከሾፌሩ ጎን አስተኝታ ይዛው ሄደች። መርሳንና ውርጌሳን ሲያልፉ በየጉድጓዱ አሁንስ ሞትኩ እያለ ሸሃዳ ይይዝ ነበር።

የደሴ ሐኪሞች ሆዱን ከፍተው አዩ። ትርፉ አንጀት በእርግጥ ወጥቷል፤ ትርፍ ያልሆነው ግን አብሮ ተቀድዷል። ነፍሱን አተረፉለት። አንጀቱን ለጊዜው በሆዱ ላይ አውጥተው ከረጢት ገጠሙለትና፣ «ቁስሉ ሲጠግግ ትመጣለህ፣ ወደ ቦታው እንመልስልሃለን። በጤና መድንህ እንድትታከም ግን መጀመሪያ ቀዶ ካከመህ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ይዘህ ና» አሉት።

ከዚያ ወዲያ አብዱልመሊክ የሚፈልገው ነገር ያቺን ሪፈር ብቻ ነበር። ካሳ አላለም፣ ዶክተሩ ይታሰሩልኝም አላለም። ሆዱ ተዘግቶለት እንደ ሰው ከሰው መሐል መቀመጥ አማረው። ሚኒባስ ሲሳፈር ረዳቱ «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» ይላል፤ እሱ አንገቱን ይደፋል። ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ተወ። መስጊድ ሲሄድ «አላህ ያውቅልሃል፣ ግባ» ቢባልም፣ ሰው እረብሻለሁ ብሎ ጫማ በሚወልቅበት ደጃፍ ብቻውን ይሰግድ ነበር። ያ ተረበኛ ከረጢቱን በጋቢው ሸፍኖ ዝም አለ። ይሄ ያሳዝናል፤ ቀልድ የለበትም።

ሆስፒታሉ ግን ደንብ ያለው ተቋም ነውና ሪፈር እንዲሁ አይበትንም። ሪፈር ላይ ምክንያት ይጻፋል። ምክንያት ከተጻፈ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። በዚያ ሆስፒታል ደግሞ ምንም ነገር ሆኖ አያውቅም። አብዱልመሊክ ቢመላለስ፣ ቢመላለስ፣ በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ አቶ ኤፍሬም አዘኑለትና ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አቋቋሙለት። ለገለልተኝነቱ ሲባል ሰብሳቢው ራሳቸው ሆኑ። ጉዳዩን ከማንም በላይ ያውቁታልና ዶክተር ወንዳወቅም በአባልነት ተካተቱ። በቀዶ ሕክምናው ቀን መሣሪያ ስታቀብል የነበረችው ነርስ ፌቨን ግን፣ ነገሩን በዓይኗ ያየች ሰው ገለልተኛ ልትሆን አትችልም ተብሎ በር ላይ እንድትጠብቅ ተደረገ።

«ቅሬታዎን በአጭሩ ያስረዱ» አሉ አቶ ኤፍሬም።

«አንጀቴ ተቀዷል ጌታዬ።»

«ሲቀደድ አይተዋል?»

«ተኝቼ ነበር።»

«እንግዲህ ተኝተው ነበር!» አቶ ኤፍሬም ወደ አባላቱ ዞሩ፤ አባላቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሠራተኛ ሥራ ላይ እያለ የተኛ ሰው ምን ሊያወራ ይችላል?

«ግን ይኸው...» ብሎ አብዱልመሊክ ጋቢውን ሊገልጥ ሲል አቶ ኤፍሬም በእጃቸው ከለከሉት።

«ይሸፍኑት፣ ይሸፍኑት! ይህ ኮሚቴ በመርህ እንጂ በሆድ አይመራም!»

በዚህ ጊዜ ዶክተር ወንዳወቅ እጃቸውን አነሡ። «ለማብራራት ያህል፣ እኔ ቢላዬን በቀጥታ ነው የያዝኩት። ቢላው ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። አንጀቱ ነው የመጣበት።»

ኮሚቴው በማብራሪያው ጥልቀት ተደንቆ ውሳኔውን አሰማ። አንጀቱ በዕለቱ ሊገኝ ከሚገባው ቦታ ውጪ ተገኝቶ በሥራ ላይ ከነበረ ቢላ ጋር በመገናኘቱ፣ ኃላፊነቱ የአንጀቱ ባለቤት ነው። ከዚህም የተነሣ በዶክተሩ ሞራል ላይ ከባድ ጉዳት ደርሷል።

«ሪፈሯስ?» አለ አብዱልመሊክ።

«ሪፈር ማለት እኮ ጋሼ፣ ተቋሙ አቅም አነሰው ማለት ነው። ይኸ ደግሞ ከራዕያችን ጋር ይጋጫል። ይልቅ ዶክተሩ ክፉኛ ተቀይመዋል። መጀመሪያ ሽማግሌ ይላኩና ይታረቁ፣ ከዚያ ይታያል።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይሉ ነበር አባቶቻችን። ያልሠለጠኑ ነበሩ። ኮሚቴው ተረቱን አሻሽሎ፣ የወጋ ቅር ካለው የተወጋ ይቅርታ ይጠይቅ አለ።

ሳሚራ ይህን ስትሰማ እንደ እሳት ነደደች። «ቀዶህ ሲያበቃ ልትለምነው? እሱ እግርህ ላይ ይውደቅ እንጂ! ብትሄድ እኔና አንተ እንተያያለን!»

«ምን ላድርግ ሳሚራ? ከረጢቱን ይዤ ልሙት?» አላት። እሷም አለቀሰች።

ጁምዓ ከሰዓት መርሳ ዋርካው ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። ሼህ ዓሪፍ ከመሐል፣ ከጎናቸው አቶ ፈንታው፤ ሁለቱ በዚያ አገር ስንት ደም ያደረቁ፣ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ጠብ አብረው የፈቱ ሰዎች ናቸው። የግራናም የመርሳም ሰው ሥራ ፈትቶ መጥቷል። ያ ስብሰባ የሄደው አምቡላንስም ኮሚቴውን ሙሉ ጭኖ ደረሰ። ቦታ ስለነበረ ፌቨንም ተሳፍራ መጥታለች። ለዶክተሩ ወንበር ቀረበላቸው፤ ሌላው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ዱዓው ተደርጎ፣ ምርቃቱ ተመርቆ ሲያበቃ ሼህ ዓሪፍ ጠየቁ። «እህ፣ ማን ነው በዳይ?»

«ቅሬታ አቅራቢው ናቸው» አሉ አቶ ኤፍሬም።

«የተቀደደው?»

«አዎን።»

«ተበዳዩስ?»

«ዶክተሩ።»

ሼሁ አቶ ፈንታውን አዩ። አቶ ፈንታው ሰማዩን አዩ።

«መልካም» አሉ ሼህ ዓሪፍ። «ወጋችንን ታውቃላችሁ። በዳይ ጥፋቱን ተናግሮ ይለምናል። ተበዳይ ያንኑ ጥፋት በገዛ አፉ፣ በስሙ ጠርቶ ይቅር ይላል። በስሙ ያልተጠራ በደል አይታረቅም፤ ተደብቆ ያድርና በልጅ ልጅ ይነሣል።»

«እጅግ የሚያኮራ እሴት ነው» አሉ አቶ ኤፍሬም። «ልንጠብቀው ይገባል።»

«እንጠብቀዋለን። አብዱልመሊክ፣ ተነሣና አፉ በሉኝ በል።»

አብዱልመሊክ ከረጢቱን በአንድ እጁ ደግፎ ተነሣ። ትቼው ልሂድ፣ ሪፈሯም ትቅርብኝ ሊል ነበር። ቀና ሲል ግን ሼሁን አያቸው። ጺማቸውን ይዘው ፊታቸውን አኮሳትረዋል፤ ዓይናቸው ግን ይስቃል። ያን ጊዜ ገባው። ያ የጠፋው ምላሱም ተመለሰለት።

«ዶክተር» አለ አንገቱን ሰብሮ፣ «አጥፍቻለሁ። ለትርፍ አንጀት ስመጣ ትርፉን ብቻ ይዤ መምጣት ሲገባኝ፣ ሌላውንም ጎትቼ መጣሁ። ለሳሚራ አደራ ሰጥቼው መምጣት ነበረብኝ። እርስዎ ሥራ ላይ እያሉ ከቢላዎ ፊት ተገትሮ አስቸገረዎት። በአላህ፣ አፉ ይበሉኝ።»

ሰው ሁሉ አፉን በጋቢው ያዘ። ሳሚራ ብቻ ጮክ ብላ ሳቀች፤ ከስንት ወር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ዶክተር ወንዳወቅ ግን ልባቸው ተነካ። እንዲህ ያለ ትሑት ታካሚ ገጥሟቸው አያውቅም።

«እሺ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ።

«በስሙ ጠርተህ ልጄ» አሉ ሼህ ዓሪፍ።

«በጥቅሉ ቢሆንስ?» አሉ አቶ ኤፍሬም፣ አንድ ነገር ጎርበጥ ብሏቸው።

«በጥቅሉ የሚያልቀው ስብሰባ ነው። እርቅ በዝርዝር ነው።»

አቶ ኤፍሬም የዶክተሩን ኮት ጎተት አደረጉ። ምን ዋጋ አለው! ሕዝብ ተሰብስቧል፣ ጸጥ ብሏል፣ ጆሮውን ሰጥቷል። ዶክተር ወንዳወቅ ይህን አይተው ተቀምጠው አያውቁም። ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የተከበራችሁ የመርሳና የአካባቢዋ ነዋሪዎች! የዚህን ሰው ሆድ ስከፍት አንጀቱ ቢላዬ ፊት ቆመ። እኔም ከነበረኝ የሥራ ፍጥነት የተነሣ ሳላየው ቀደድኩት። ቀድጄም ልብ ሳልል ሆዱን ሰፋሁት። ቆይቶም ሆዴ ተነፋ ሲለኝ ጋዝ ነው ብዬ መለስኩት። ይህን ሁሉ በደል ቢያደርስብኝም፣ እኔ ቂም የማልይዝ ሰው ነኝና፣ በሙሉ ልቤ ይቅር ብዬዋለሁ!»

ጭብጨባ ጠበቁ። አቶ ኤፍሬም ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነዋል።

«ያ ጀማዓ፣ ሰማችሁ?» አሉ ሼህ ዓሪፍ።

«ሰማን!»

«እኔም ሰማሁ፣ ጆሮዬ ገና ደኅና ነው» አሉ አቶ ፈንታው።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ፌቨን ብድግ ብላ። «ያን ቀን ደግሞ አይቻለሁ። ስነግራቸው ዝም በይ አሉኝ።» ዋርካ በር የለውምና በር ላይ ጠብቂ የሚላት አልተገኘም።

«እንግዲህ» አሉ ሼሁ፣ «ማን እንደቀደደ በገዛ አፉ ተነገረ፣ አገር ሰማ። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ እኛ አለን። አሁን የቀደደ ይጠግን፤ ይኸም ወጋችን ነው።»

ዶክተር ወንዳወቅ ቅንጣት አላፈሩም። እንዲያውም እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ምን ችግር አለ! ነገ ጠዋት ይምጣ፣ እኔው ራሴ ከፍቼ እገጥምለታለሁ። ሻይ እስኪፈላ አልቆይበትም!»

አብዱልመሊክ በድንጋጤ ሆዱን አቀፈ። ሳሚራም ለመጮኽ አየር ሳበች። ሁለቱንም የቀደሙት ግን ከድንጋያቸው ላይ ተስፈንጥረው የተነሡት አቶ ኤፍሬም ናቸው።

«ኧረ በመድኃኔዓለም! አይሆንም!»

ኮሚቴውም ተከትሎ ተነሣ፤ በአንድ ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተአቅቦ፣ «ደሴ!» ብሎ ጮኸ። የአምቡላንሱ ሾፌር ድምፅ የመስጠት መብት ባይኖረውም ሞተሩን አስነሥቷል።

ሪፈሯ እዚያው አምቡላንሱ ላይ ተደግፋ ተጻፈች። አብዱልመሊክ ተደግፎ ገባ፣ ሳሚራም አጠገቡ ተቀመጠች። ዶክተሩ ከሩቅ ሆነው «ይቅርታዬ እንደጸና ነው!» እያሉ እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ኮሚቴው ወደ ወልድያ የሚመለስበት ሚኒባስ ፍለጋ መንገድ ዳር ተሰልፏል። አቶ ኤፍሬም የአምቡላንሱን በር ሊዘጉ ሲሉ አብዱልመሊክ ያዛቸው።

«ጌታዬ፣ ሪፈር ማለት ተቋሙ አቅም አነሰው ማለት ነው ብለውኝ አልነበረም?»

አቶ ኤፍሬም ግራና ቀኝ ገላመጡ። ወደ ውስጥ አንገታቸውን አስገብተው፣ ቀኝ ጎናቸውን በእጃቸው ደገፍ አድርገው አንሾካሾኩ።

«ጋሽ አብዱልመሊክ፣ ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር አለ ከተባልኩ ዓመት አልፎኛል። ሌሊት ሌሊት ትራሴን ነክሼ ነው የማድረው። እዚያ ሲደርሱ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ለእኔም ወረፋ ይያዙልኝ።»