ኢላንጎ የዘገመውን የብርሃን ገመድ ድል የነሣበት ዜና

ታላቁ የአየር ማቀዝቀዣ በቫዳፓላኒ ሰፈር በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናብ ከባሕር ተነሥቶ የሕንዷን ከተማ የቼናይን ጎዳና በሚያጥለቀልቅበት ወር፣ የሥራ መሣሪያዎች በዓል ባለፈ በማግሥቱ፣ ይህ ዜና ተጻፈ። ዜናውም የኢላንጎ ነው፤ እርሱም የሽቦ ሁሉ አለቃ፣ የይለፍ ቃል ጠባቂ፣ «አልሠራም» ያለውን ሁሉ «አጥፍተህ አብራው» ብሎ የሚፈውስ፣ ቁመቱ አጭር ትዕግሥቱ ረጅም፣ በአቶ ቫራዳራጃን የፊልም ማቀናበሪያ ቤት የመረጃ ጎተራ አዛዥ የሆነ ነው።

ወእምዝ ስለ ጎተራው እንናገር። በዚያ ቤት የሚሠራው ፊልም ሁሉ በአንድ ክፍል በተደረደሩ ዲስኮች ይከማቻል፤ ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ኮምፒውተር የሚወርደውም ብርሃን በሚያስተላልፍ የፋይበር ገመድ ነው። ኢላንጎ ይህን ገመድ ያስገባው ባለቤቱን ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቶ፣ «ፊልሙ እንደ ክረምት ወንዝ ይወርዳል» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነበር፤ በእውነትም ወረደ፤ ኢላንጎም ገመዱን እንደ በኩር ልጁ ወደደው።

በዚያች ማለዳ ግን ወንዙ ነጠፈ። የፊልም አቀናባሪዋ ፑንጎዲ፣ መቀስ ሳትይዝ የምትቆርጥ፣ ዳይሬክተሮችን በዓይኗ የምታስለቅስ፣ ለዲፓቫሊ በዓል በየሲኒማ ቤቱ የሚታየውን የፊልም ማስታወቂያ ጀንበር ሳትጠልቅ ልታስረክብ ተቀምጣ ሳለ፣ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመባት። ስለዚህ ተነሥታ በኮሪደሩ እንዲህ ስትል አዋጅ አስነገረች፦

«ኢላንጎ! ሰውየው ከጣሪያ ከዘለለ በኋላ ቡናዬን ጠጥቼ ተመለስኩ፤ እስካሁን አየር ላይ ነው። ወይ አውርደው፣ ወይ ምሳ ላክለት!»

አዋጁ እስከ ላይኛው ፎቅ ተሰማ። የቤቱ ጌታ አቶ ቫራዳራጃን፣ ሸሚዛቸው ነጭ ቁጣቸው ቀይ፣ በደረጃው አናት ቆመው ሌላ አዋጅ አወጁ፦

«ስማ አንተ! ማስታወቂያው ዛሬ ካልወጣ ይሄን ጉደኛ ገመድህን ነቅለህ ትጥልልኛለህ። እኛም እንደ ድሯችን ዲስክ በዘንቢል እናመላልሳለን። አንተም አማትህ ሱቅ ገብተህ ድስት ሽጥ፤ እሳቸው እንደሆነ ከሠርግህ ጀምሮ እየለመኑህ ነው!»

ኢላንጎ ይህን በሰማ ጊዜ ላፕቶፑን ከጠረጴዛው አነሣ። አማቱ የብረት ድስትና የምሳ ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ በየእሑዱም «ሰው የማያየውን ነገር ሲጠግን የሚውል ሰው ምን ይባላል?» እያሉ ይጠይቁታል። ነገር ግን እውነቱ ይጻፍ፤ ከድስቱ ይልቅ ያስፈራው የገመዱ መነቀል ነበር።

ዘመተም። ከፊት እርሱ ላፕቶፑን ታቅፎ፤ ከኋላው ፑንጎዲ እጆቿን አጣምራ፤ ከእርሷ ኋላ ሥራ የፈቱት ድምፅ ቀጂዎች፣ ቀለም አስተካካዮችና ጽሑፍ ለጣፊዎች እንደየማዕረጋቸው፤ ከነርሱም ኋላ ሾፌሩ ማኒማራን፣ ስለ ኮምፒውተር አንዳች ሳያውቅ ምክር የማያልቅበት፤ ከሁሉም ኋላ የጌታው እናት እማማ ኮታይ ወንበራቸውን አስይዘው ተከተሉ። ማኒማራንም ገና ከደጃፉ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ዓይን በልቶት ነው! የቀናበት አለ! ሎሚ ይንጠልጠልለት!»

ሳይፈቀድለትም ሎሚውን ከጎተራው በላይ አንጠለጠለ።

አሜሃ ኢላንጎ አስቀድሞ ዲስኮቹን ፈተናቸው፤ እንደ ረኀብተኛ ሲውጡ አገኛቸውና ማራቸው። ኮምፒውተሮቹን እርስ በርሳቸው ቢያላልካቸው ከጎረቤት ወሬ ፈጠኑ፤ እነርሱንም ማራቸው። የቀረው ከጎተራው የሚወጣው ገመድ ብቻ ሆነ። በእርሱ ላይ አረንጓዴዋ መብራት «ደኅና ነኝ» እያለች ያለ ኀፍረት ትበራለች፤ ገመዱ የሚሰካበትን የመረጃ ማከፋፈያ በመረመረ ጊዜ ግን በመንገድ ተበላሽቶ እንደገና የሚላከው መረጃ ሲበዛ አየ። ብርሃኑ ይደርሳል፤ ደንግዞ ይደርሳል። ልቡ እያዘነ የሚወደውን ገመድ ነቀለ፤ አዲስ ገመድ ከላስቲኩ አውጥቶ ሰካ፤ ሕዝቡም እልል አለ።

ሰውየው ግን አሁንም አየር ላይ ነበር።

ኢላንጎ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሚስቱ የቋጠረችለትን በእርጎ የተለወሰ ሩዝ ጣዕሙ ሳይታወቀው ጎረሰ። በዚያች ሰዓት አቶ ቫራዳራጃን ወርደው ሎሚውን አዩ፤ አይተውም አወጁ፦

«ማኒማራን! ለካ አንተ ነህ! በዚህ ሁሉ ዕቃ ላይ ሎሚ ታንጠባጥባለህ? የመኪናውን ቁልፍ አስረክበህ ውጣልኝ!»

ሎሚው የተንጠለጠለው ገመዱ ከታመመ በኋላ መሆኑን ያስታወሰ አልነበረም፤ ጌታ ሲቆጣ ቀን አይቆጠርም። ማኒማራንም ቁልፉን ሊያወጣ ኪሱን ይዳብስ ጀመር።

ኢላንጎ ሩዙን ትቶ አዲሱን ገመድ ነቀለና ጫፉን በማጉያ መሣሪያው አየው። ቢጫ ነበር። አሁን ከላስቲክ የወጣ ገመድ ከተሰካበት ቀዳዳ በቀር ከየት ይቆሽሻል? ጠረገው፤ መጥረጊያውን አሸተተው፤ ሰንደል ሰንደል አለው።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠለት። በሥራ መሣሪያዎች በዓል ቀን፣ ክፉ ዓይን እንዲመለስ ነጩ ዱባ በደጃፉ ተፈጥፍጦ በተሰበረ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ መሣሪያውን ወልውሎ እማማ ኮታይ የለወሱትን የሰንደል ቅባት ቀብቶ ነበር፤ ማኒማራን መሪውን፣ ፑንጎዲ ኪቦርዷን፣ ሒሳብ ሹሙ እንኳ ወረቀት መብሻውን። ኢላንጎ ግን የብረት ሳጥን መቀባት ለፍቅሩ አንሶበት፣ ገመዱን ነቅሎ፣ ብርሃን የሚወጣባትን ከጸጉር የቀጠነች ጫፍ በገዛ ጣቱ ቀብቶ፣ ቀይ ዱቄት ነስንሶባት፣ ተሳልሞ መልሶ ሰክቷት ነበር።

ቀዳዳውንም ጫፉንም በአልኮል አጸዳ፤ አደረቀ፤ ሰካ። ወንዙ ወረደ። ሰውየው መሬት ረገጠ፣ ተነሣ፣ ሮጠ፤ ፑንጎዲም ጀንበር ሳትጠልቅ ማስታወቂያውን ጨርሳ ላከች። ሕዝቡ ኢላንጎን ሊሸከመው ተንጋጋ። ሲቀባ ማንም አላየውም፤ ዝም ቢል ሎሚው ጥፋተኛ፣ እርሱ ጀግና ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን ማኒማራን ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ በደጃፉ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲፈልግ አየው። ስለዚህ በሕዝቡ መካከል ቆሞ አወጀ፦

«ጋሼ፣ ሎሚው አይደለም። እኔ ነኝ። በበዓሉ የገመዱን ጫፍ ሰንደል የቀባሁት እኔው ነኝ። ቁልፉን ለማኒማራን ይመልሱለትና እኔን ያባርሩኝ።»

ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ወደ አቶ ቫራዳራጃን አዞረ። እማማ ኮታይ ግን ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ሳቃቸው እያፈናቸው አወጁ፦

«ልኩልሽ ብሎ ዓይኗን አጠፋ ማለት ይኼ ነው! አንተ ቫራዳ፣ ይሄን ልጅ ብታባርረው ውርድ ከራሴ! ዕቃህን ከራስህ አብልጦ የሚወድልህ ከየት ታመጣለህ?»

አቶ ቫራዳራጃንም የእናታቸውን ፊት አይተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው አወጁ፦

«እሺ! ገመዱም ይኑር፣ እሱም ይኑር። ማኒማራን፣ ና ቁልፍህን ውሰድ፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ከርሞ በበዓሉ ግን ኢላንጎ በሁለት እጁ ትሪ ይዞ ይቁም፤ ማንም እንዳይቀበለው!»

ክብር ለኢላንጎ ይሁን፤ ለደንጋዛው ብርሃን ዓይን ላበራ፣ በአየር የተንጠለጠለውን ላወረደ። ነገሥታት የሰው አገር ወርረው ድል እንደ ነሡ ተጽፎላቸዋል፤ እርሱ ግን ጠላቱን በገዛ ጣቱ ጫፍ አገኘው፤ መሸሸግ ሲችልም በጉባኤ መካከል በስሙ ጠራው፤ ስለዚህም ሾፌሩ ማኒማራን በዚያች ማታ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ በጌታው መኪና በኋላ ወንበር አስቀምጦ እስከ ቤቱ ደጃፍ አደረሰው።