የሚያብረቀርቅ ጥቁር ወይስ የማያብረቀርቅ ጥቁር

[የዳቦ ቤት ጓዳ። ምድጃው ግሏል። መሃል ወለሉ ላይ፣ ባዶ የዱቄት ጆንያ ተነጥፎለት፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የነጣ የብረት ፍሬም ቆሟል። ኢንጂነር በርጩማ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ኢንጂነር የተባለው ተምሮ እንዳይመስላችሁ፤ የቤቱ በኩር ስለሆነና አንድ ጊዜ የጎረቤት ሬዲዮ ፈትቶ መግጠም ስላቃተው ነው። ጋጋሪው የታናሽ እህቱ ባል ነው፤ ቃል ከአፉ እስኪወጣ ሊጥ ኩፍ ይላል። እናትየው ለልደታቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው ያፈናጥጧቸው በነበረው ሞተር ሳይክል፣ እሳቸው በቀቡት ቀለም፣ ሰፈሩን አንዴ መዞር። ልደታቸው ዛሬ ነው። የሥራው አዛዥ ደግሞ ኢንጂነር ነው።]

ኢንጂነር፦ አልኩህ እኮ! ጥቁር ሁለት ዓይነት ነው። የሚያብረቀርቅና የማያብረቀርቅ። ምረጥ ስልህ ደግሞ እንዳትመርጥ፤ የምመርጠው እኔ ነኝ!

ጋጋሪ፦ እሺ ጋሼ። … ሰማያዊውስ?

ኢንጂነር፦ የቱ ሰማያዊ?

ጋጋሪ፦ አባባ የቀቡት። እማማ የፈለጉት እሱን ነው።

ኢንጂነር፦ አባባ ስለ ቀለም ምን ያውቅ ነበር? በብሩሽ እኮ ነው የቀባው! የብሩሹ ጭረት ከማዶ ይታይ ነበር። ደግሞ ሰማያዊ የሕፃን አልጋ ቀለም ነው። ቁም ነገር ያለው ብረት ሰማያዊ አይለብስም።

ጋጋሪ፦ [ፍሬሙን ትክ ብሎ እያየ] ለሕፃን አልጋስ ጥሩ ነበር።

ኢንጂነር፦ ተወኝ እስቲ! ይሄ የኔ ቀለም የሚጋገር ነው። እንደ ዱቄት ትነፋበታለህ፣ ምድጃ ውስጥ ትከተዋለህ፣ ቀልጦ ከብረቱ ጋር አንድ ይሆናል። አንተን የመረጥኩህ ለምን ሆነና? ምድጃ ስላለህ ነው።

ጋጋሪ፦ እኔ ደግሞ ለእውቀቴ መስሎኝ።

ኢንጂነር፦ [ከልቡ አዘነለት] አይዞህ። እውቀቱን እኔ አመጣለሁ።

ጋጋሪ፦ እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅ። ሞተሩ የቱ ጋ ነው የሚገባው?

ኢንጂነር፦ መሃሉ ላይ ነዋ! ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ አይታይህም?

ጋጋሪ፦ ይታየኛል። ሰፊ ነው። ፍራሽ ያስነጥፋል።

ኢንጂነር፦ ፍራሽ! [ሆዱን ይዞ ይስቃል] ፍራሽ አለ! የድሮ ሞተር ግዙፍ ነበር፣ ሰውዬ።

ጋጋሪ፦ በግራና በቀኝ የተደረደሩት ዘንጎችስ?

ኢንጂነር፦ አየር ማስገቢያ ናቸዋ። ሞተሩ ታፍኖ ይሙት?

ጋጋሪ፦ ውስጡ ያለውም ተንከባሎ እንዳይወድቅ ይረዳሉ።

ኢንጂነር፦ ይረዳሉ! ጎበዝ፣ ቀስ በቀስ እየገባህ ነው።

ጋጋሪ፦ እግሩ ግን አራት ነው። የሞተር ሳይክል ጎማ ደግሞ ሁለት …

[ኢንጂነር እግሩን ከአነባበረበት አወረደ። ጥያቄው ትንሽ ጎርብጦታል። ግን በኩር ልጅ ሆኖ «አላውቅም» ማለትን ማን አስተምሮት?]

ኢንጂነር፦ ሁለቱ መለዋወጫ ነው።

ጋጋሪ፦ ተገጥሞ?

ኢንጂነር፦ ተገጥሞ! ጎማ በፈነዳ ቁጥር ልትወርድ ነው? የድሮ ሰው እንዳንተ ሞኝ መሰለህ?

ጋጋሪ፦ መሪውስ የት ይገጠማል?

ኢንጂነር፦ መሪ አልነበረውም።

ጋጋሪ፦ ታዲያ እንዴት ይታጠፋል?

ኢንጂነር፦ የድሮ መንገድ መቼ ይታጠፍ ነበር? ቀጥ ያለ ነበር!

ጋጋሪ፦ እንግዲያው እማማን ሰፈሩን እንዴት ነው የሚያዞሯቸው?

ኢንጂነር፦ ቀጥ ብለን እንሄዳለን፤ ቀጥ ብለን የኋሊት እንመለሳለን።

ጋጋሪ፦ [በመስኮት ወደ መንገዱ ብቅ ብሎ ይመለሳል] እህትዎ እማማን ይዛ ቆየች። … ጋሼ፣ እዚህ ጠርዙ ላይ ቀለሙ አልለቅ ብሎኛል። ሰርጎድ ሰርጎድ ያለ ነገር አለው። የጥርስ ምልክት ይመስላል።

ኢንጂነር፦ የጥርስ! ይሄ የፋብሪካ ማህተም ነው! እንዳትነካው። ብረት ስዳስሰው ታሪኩን ይነግረኛል፣ ታውቃለህ? [ዓይኑን ጨፍኖ ይዳስሳል። እውነትም ጣቱ ሰርጎዱን ያወቀው ይመስላል፤ ምን እንደሆነ ግን ሊያስታውስ አልቻለም] የማውቀው ብረት ነው …

ጋጋሪ፦ እሱን እንኳ በደንብ ያውቁታል።

ኢንጂነር፦ አባባ ትዝ አለኝ። እማዬ ስታየው ታለቅሳለች። እኔ ካልሠራሁላት ማን ይሠራላታል?

ጋጋሪ፦ [አንገቱን ደፍቶ] ማን አለ፣ ጋሼ።

ኢንጂነር፦ በቃ! የሚያብረቀርቀው! ክተተው!

ጋጋሪ፦ የማያብረቀርቀውንስ ትንሽ ቢያስቡበት? ቀለሙ እስኪደርቅ …

ኢንጂነር፦ የምን ቀለም? ገና መቼ ቀባን?

ጋጋሪ፦ እሱስ ልክ ነዎት።

[ከውጭ የሞተር ሳይክል ድምፅ እየቀረበ ይመጣል።]

ኢንጂነር፦ ስማ! ይሄን ድምፅ ትሰማለህ? እንዲህ ያለውን የሚነዳ ደነዝ ብቻ ነው። ፍሬሙ በብሩሽ የተቀባ ነው፤ ከድምፁ ያስታውቃል።

ጋጋሪ፦ [ለመጀመሪያ ጊዜ ተደንቆ] ጋሼ! ይሄን እንኳ በትክክል አወቁ።

[በሩ ይከፈታል። ደጁ ላይ የአባትየው ሞተር ሳይክል ቆሟል፤ ሰማያዊ ነው፣ የብሩሹ ጭረት ከማዶ ይታያል። መሪውን የያዘችው እህቱ ናት። ከኋላዋ ተፈናጠው የነበሩት እናት ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ ይገባሉ።]

እናት፦ ሰፈሩን ሁለቴ ዞርኩት! አቤት፣ አባታችሁ ፊት ፊቴ የተቀመጠ ነው የመሰለኝ! [ፍሬሙን አይተው] ውይ! ጋጋሪዬ፣ እስካሁን በዚህ ነው ያቆየህልኝ?

ኢንጂነር፦ ቆይ … ያ የአባባ ከሆነ፣ ይሄ ምንድን ነው?

ጋጋሪ፦ እማማ ናቸው ከዕቃ ቤት አውጥተው የሰጡኝ። ጥቁር እንዳይቀቡባቸው ሰግተው። ሰማያዊውን እኔ በብሩሽ ቀባሁት፤ ደርቆ እስኪገጣጠም እርስዎን የሚያቆይ ነገር ያስፈልግ ነበር።

ኢንጂነር፦ ምንድን ነው አልኩ!

እናት፦ ያደግህበት አልጋ ነዋ፣ ልጄ።

[ኢንጂነር ፍሬሙን ከራስጌ እስከ ግርጌ አየው። አራቱን እግሮች አየ፤ ዘንጎቹን አየ። ጆሮው ድረስ ቀላ። አማቹን ቀና ብሎ ማየት አፈረ። ጣቱን ሰርጎዱ ላይ አሳረፈ።]

ኢንጂነር፦ ቢሆንም … ማህተሙ የፋብሪካ ነው።

እናት፦ [ሰርጎዱን በጣታቸው እየዳሰሱ] ጥርስ ስታወጣም እንዲሁ ነበርክ። አንዴ ከነከስክ አትለቅም።