የቡራዩው ተዋጊ አብራሪ

ትልቅ በደል የደረሰበት ሰው ዕድለኛ ነው። ርስቱን የተነጠቀ ጠበቃ ይቆምለታል፤ ሚስቱን የተቀማ ሽማግሌ ይሰበሰብለታል። ትንሽ በደል የደረሰበት ሰውስ ለማን ይናገራል? ብቻውን እየቀለበ ያሳድገዋል እንጂ። የእኔው ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ ጢም አብቅሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ሳጠና በትምህርት ክፍላችን ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ነበር፤ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ አንድ ዲስክ ብቻ ያለው። በዲስኩ ላይ ያለው ደግሞ የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ውጊያ ጨዋታ ነው። መጀመሪያ ካርታ ያሳይሃል፤ ወንዝ፣ ድልድይ፣ ፋብሪካ፣ የምትበርበት ቀይ መስመር። ከዚያ ተነስተህ፣ ድልድዩን አፍርሰህ፣ ከጠላት አምልጠህ በሰላም ታርፋለህ። አንደኛ የወጣ ስሙን ይጽፋል፤ ዲስኩም ለዘላለም ይይዝለታል። አንድ ቀን እኔ አንደኛ ወጣሁ። ማሽኑ ስምህን ጻፍ ሲለኝ የካፌው በር ሊዘጋ ነው ተባለ፤ ቀኑ ደግሞ የሥጋ ቀን ነበር። ሮጥኩ። ስመለስ የክፍል ጓደኛዬ ገዛኸኝ በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ የራሱን ስም ጽፏል። ኤሳው እንኳ ብኩርናውን የሸጠው ተጠይቆ ነው!

ዓመታት አለፉ። ገዛኸኝ ሱሉልታ ላይ የአንድ ቢሮ ኃላፊ ሆነ፤ እኔ ቡራዩ ላይ የጂኦግራፊ መምህር። ዩኒቨርሲቲው አሮጌ ዕቃዎቹን በጨረታ ሲያስወግድ ያንን ኮምፒውተር ከነዲስኩ ገዛሁት። የገዛኸኝ ስም አሁንም አናቱ ላይ ጉብ ብሏል። ማውረድ ነበረብኝ። ጣቶቼ ግን እንደ ዲስኩ አልቆዩልኝም፤ በየዕረፍት ቀኑ እነሳለሁ፣ በየዕረፍት ቀኑ እከሰከሳለሁ።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ጊዜ መጣ። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው ተባለ። መንገድ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ልጆች ወጥተው ያልተመለሱባቸው ቤቶች ነበሩ። በዚያ አልቀልድም። ፕላኑን ግን በዓይኑ ያየ ሰው በሰፈራችን አልነበረም፤ የማይፈራውም አልነበረም። እኔ ምን ላድርግ? በሬን ዘግቼ በረርኩ።

አንድ ከሰዓት ጎረቤቴ ኦቦ ዳባ አካፋ ሊዋሱ አንኳኩ። ከጓሮዬ ጀርባ ገብስ የሚዘሩባት አንዲት ማሳ አለቻቸው፤ ሌላ የላቸውም። «አካም ባርሲሳ» ብለው ሰላም አሉኝ፤ ባርሲሳ መምህር ማለታቸው ነው። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አዩና አካፋውን ረሱት። ቀዩ መስመር በየት በኩል እንደሚያልፍ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ። ጤነኛ ሰው ጨዋታ ነው ይል ነበር። እኔ ግን ካርታ ሳይ የማብራራት በሽታ አለብኝ። ዓይኔን ሳልነቅል፣ «ወንዙን ይዞ ይወርዳል፤ ድልድዩ ይፈርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጠረጋል» አልኳቸው። ኦቦ ዳባ ባዶ እጃቸውን ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሰባት ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ቆመዋል፤ ኦቦ ዳባ ከፊት፣ አንድ ቅል ሙሉ ቅቤ ታቅፈው። መስመሩን ትንሽ ገፋ እንዳደርገው ለመኑኝ። አንደኛው ሽማግሌ ወደ ሰበታ በኩል ቢሆን እንደሚመርጡ፣ እዚያ ዘመድ እንደሌላቸው አስረዱኝ። ጨዋታ ነው ብዬ ማልኩ። «ዲግሪ ያለው፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው አገር ሲታመስ በሩን ዘግቶ ይጫወታል?» አሉ ኦቦ ዳባ። «እኛን ለማታለል እንኳ ሻል ያለ ነገር አጣህ?» ቅቤውን ግን አልተቀበልኩም። ባልሠራሁት አልመሰገንም፤ እኔ ገዛኸኝ አይደለሁም።

ወሬው ፖሊስ ጣቢያ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጀበት። እኔ፣ ቴሌቪዥኑና ኮምፒውተሩ በአንድ ፒክአፕ ተጫንን። መርማሪው ማሽኑን አስከፈተኝ፤ ካርታውን አየና የትኛውን ድልድይ ላፈርስ እንዳሰብኩ ጠየቀኝ። እዩልኝ እንግዲህ! ለጎረቤቶቼ የመንግሥት ቀያሽ ነኝ፤ ለመንግሥት ደግሞ ድልድይ አፍራሽ። ቀጥሎ የስም ዝርዝሩ ብቅ አለ። መርማሪው አናቱ ላይ ያለውን ስም አነበበና አለቃችሁ ይሄ ነው ወይ አለኝ። ከወንበሬ ተነስቼ፣ «ገዛኸኝ አለቃዬ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ጩኸቴን በማስረጃነት መዘገበው።

ገዛኸኝ ተጠራ። ከረባቱን አስሮ መጣ፤ ማሽኑን ሲያይ ፊቱ በራ። ጨዋታ መሆኑን፣ ተማሪ ሳለን አብረን እንጫወተው እንደነበር መሰከረ። «አንደኛም እኔ ነበርኩ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። መርማሪው ጽፎ እንድፈርም ሰጠኝ፤ ዕቃው መጫወቻ ነው፤ ይህንንም የጨዋታው አንደኛ የነበሩት አቶ ገዛኸኝ አረጋግጠዋል ይላል። አንደኛ የሚለው ይሰረዝልኝ አልኩ። መርማሪው በትዕግሥት አስረዳኝ፤ አንደኛ ካልነበረ ሰውየው ውሸታም ነው፤ ውሸታም ከሆነ ጨዋታ ነው ያለውም ውሸት ነው፤ እሱ ውሸት ከሆነ ደግሞ እኔ እዚሁ ነኝ። ሎጂክ ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ፤ ለዚህ ግን ማምለጫ አላገኘሁለትም።

ዋስ ሊሆኑኝ የመጡት ኦቦ ዳባ ክንዴን ያዙኝ። እኔ ከታሰርኩ መስመሩን ማን ይገፋላቸዋል? «ፈርም ባርሲሳ!» አሉ። «አንደኝነት በሬ አይደል፣ አይታረስበት!»

ፈረምኩ። ክብ ማኅተም ተመታበት። በዲስክ ላይ የነበረው በደሌ በወረቀት ጸደቀ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማስተር ፕላኑ መሰረዙ በሬዲዮ ተነገረ። ኦቦ ዳባ ቅላቸውን ታቅፈው እየሮጡ መጡ፤ ስድስቱ ሽማግሌዎች ተከትለዋቸዋል። «ገፋኸው አይደል? አውቄ ነበር! ገለቶሚ፣ ተባረክ!» እያሉ ግንባሬን ሳሙኝ። ጨዋታ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ስድስቱም አንጋጠው ያዩኛል፤ በሕይወቴ ማንም እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። አንደኛ መባል እንዲህ ይጥማል ለካ? ሃያ ዓመት ሙሉ ሌባ ስለው የኖርኩት ገዛኸኝ፣ ያን ቀን በመጠኑ ገባኝ።

ቅቤውን ተቀበልኩ።